የተጣበቀ የእንግዴ ልጅ፦ አገሮች በሕክምናው ለምን ይለያያሉ?



የምናገረው የእንግዴ ልጅ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ አንዳንዴም ግድግዳውን ሰርስሮ ሽንት ፊኛ ድረስ ሲዘልቅ ስለሚፈጠረው፣ እኛ አክሪታ ስለምንለው ችግር ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ መላቀቅ የነበረበት የእንግዴ ልጅ አይላቀቅም፤ በግድ ከተጎተተ እናቲቱ በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ሊትር ደም ታጣለች። ዋናው መነሻ የቀድሞ ኦፕራሲዮን ጠባሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የእንግዴ ልጁ የማህፀኑን አፍ የዘጋባቸውን እናቶች ተመልክቶ ነበር፤ በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን 3 በመቶ የነበረው የአክሪታ አደጋ በሦስተኛው 40 በመቶ ደርሷል።

አሜሪካውያን በአብዛኛው ማህፀኑን ያወጣሉ። ከ34ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ 36ኛው ሳይሞላ ቀን ይቆረጣል፤ ልጁ ይወለዳል፤ የእንግዴ ልጁ ሳይነካ ከነማህፀኑ ይወጣል። አርጀንቲናዊው ሆሴ ፓላሲዮስ ሃራኬማዳ ደግሞ የተጎዳውን የግድግዳ ክፍል ብቻ ቆርጦ የቀረውን በመጠገን ይታወቃል።

እኔ ለዓመታት የተከታተልኩት የፈረንሳዮቹን ሥራ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ሆዱ ሲከፈት የማህፀኑ ታችኛ ክፍል አብጦ፣ ወፋፍራም ደም ሥሮች ተጋድመውበት ይታያል። ሐኪሙ ያንን አይነካም። ከላይ፣ የእንግዴ ልጁ በሌለበት በኩል ቀዶ ልጁን ያወጣል፤ እትብቱን ከሥሩ አስሮ ይቆርጣል፤ የእንግዴ ልጁን እዚያው ትቶ ማህፀኑን ይሰፋል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ በራሱ እስኪሟሽሽ ወራት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የቀረበው የ167 እናቶች መረጃ እንደሚያሳየው ከ100ው 78ቱ ማህፀናቸው ተርፎላቸዋል፤ በኋላ ዳግመኛ የጸነሱም አሉ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የወጣው ፓክሬታ የተባለው ጥናት ሁለቱን መንገዶች፣ ማህፀኑን ማውጣትንና የእንግዴ ልጁን መተውን፣ አነጻጽሮ ነበር። ከአራት ከረጢት በላይ ደም ያስፈለጋቸው ማህፀናቸው ከተተወላቸው እናቶች 16 በመቶ ያህሉ፣ ከወጣላቸው ደግሞ 60 በመቶ የሚጠጉት ናቸው። ይህ ትልቅ ውጤት ነው፤ ባነበብኩት ቁጥር ያስደንቀኛል።

ይህንን ላንዲት አዋላጅ ሳስረዳ፣ «እንግዴ ልጁ ሳይወጣ እናት ወደ ቤቷ ትሄዳለች?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በእኛ አገር «ማርያም ማረችሽ» የሚባለው እንግዴ ልጁ ወጥቶ ሲታይ ነው። ጥያቄዋ ግን የነገሩን ቁልፍ ይዟል፦ ወደ የትኛው ቤት ትሄዳለች? የፈረንሳይዋ እናት ትኩሳት ቢይዛት ወይም ደም ቢፈሳት ቶሎ ሆስፒታል ትደርሳለች፤ ደግሞም ከፊሎቹ ተመልሰው ይተኛሉ። ከሆስፒታል የአንድ ቀን መንገድ የምትርቅን እናት እንግዴ ልጁን ትቶ ማሰናበት ግን ለሞት ማጋለጥ ነው። አገሮች የተለያዩት ሐኪሞቻቸው ስለተለያዩ ብቻ ሳይሆን፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ወራት እናቲቱ የምታገኘው ደም፣ መንገድና ክትትል ስለሚለያይ ነው። መንገዱን ከነስንቁ ካልወሰድን አንውሰደው።

ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ የአገራችንን ነገር በአጭሩ ልበል። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኦፕራሲዮን የሚወልዱት በአገር ደረጃ 2 በመቶ ያህል ሲሆኑ በአዲስ አበባ 21 በመቶ ደርሰው ነበር። ጠባሳው በከተማ እየበዛ ነው፤ አክሪታም ይከተለዋል። ከምጥ በፊት ከታወቀ፣ ደም ተዘጋጅቶ፣ ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም ባለበት ማህፀኑን ማውጣት ዛሬ ለአብዛኞቹ እናቶቻችን የተሻለው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

አልትራሳውንድ የምታነሱ ባልደረቦቼ፣ ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ስትመጣ የእንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ መቀመጥ አለመቀመጡን ሳታዩ አትሸኟት። ከተጠራጠራችሁም ደም እስኪፈሳት አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ሪፈር ጻፉላት።