በማዳበሪያው ውስጥ የምትገባ እጅ

ዛሬ ጠዋት ቆሻሻ የምትሰበስበው እህታችን በራችሁን ታንኳኳ ይሆናል። የቆሻሻውን ማዳበሪያ ትሰጧታላችሁ። እሷም ተሸክማው ትሄዳለች።

ትናንት ማታ ብርጭቆ ተሰብሮ ነበር? ስብርባሪውስ የት ገባ? ከሽንኩርቱ ልጣጭ ጋር፣ ከልጁ ዳይፐር ጋር፣ እዚያው ማዳበሪያ ውስጥ። እሷ ደግሞ የሚሸጥ ፕላስቲክ ለመለየት እጇን ትከታለች። ጓንት ቢኖራትም ስስ ነው። ብርጭቆ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ እጅ እርጥብ ቆሻሻ ሲነካው ሊያመረቅዝ ይችላል።

ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት ጠቅልሉት። የምትጥሉት ምላጭ ካለም ጠቅልሉት። ለብቻው አስቀምጡት። ስትመጣም «እህቴ፣ ይሄ ብርጭቆ ነው፣ ተጠንቀቂ» በሏት። እኔ ይህን ሳላደርግ የኖርኩበት ጊዜ ይቆጨኛል።

ስሟንም ጠይቋት። ስንት ጊዜ በራችን ላይ ቆማለች፤ ስሟን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?