የፎገራ ከብት ዘርና የመሐንዲሱ ስሌት



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ሲደርስ በስተግራው የፎገራን ሜዳ ያያል። መሐንዲስ በዚህ ሜዳ ላይ ሲቆም የርብንና የጉማራን ሙላት ይለካል፤ የቦይ መሥመር ያወጣል። በዚያው ረግረግ የሚግጠው የፎገራ ከብት ግን በስሌቱ ውስጥ እምብዛም አይገባም። የዚህ ንግግር ዓላማ ከብቱ በስሌቱ ውስጥ መግባት የሚገባው ስለ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነው።

አንድ ቫይረስ ከመንጋ ሲገባ ሁሉንም እኩል አይጎዳም። ለዚህም አንዱ ምክንያት የዘር ውርስ ነው። ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባው የሚጣበቅበት ተቀባይ ሲያገኝ ነው፤ ከገባም በኋላ የተያዘው ሕዋስ የቫይረሱን ስባሪ በላዩ ላይ አውጥቶ ለሰውነት ተከላካዮች ያሳያል። ይህን ሁሉ የሚወስኑት ጂኖች ከእንስሳ እንስሳ ይለያያሉ። በሰውም ቢሆን፣ ሲሲአር5 የተባለውን ጂን ጎዶሎ ቅጂ ከእናትም ከአባትም የወረሱ ጥቂት ሰዎች በኤች አይ ቪ በቀላሉ አይያዙም።

በ1975 ዓ.ም. ገደማ ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ለኢትዮጵያ አዲስ የሆነ የከብት በሽታ ታየ። ባለሙያዎች ላምፒ ስኪን የሚሉት ይህ በሽታ ቆዳን በእባጭ ይሸፍናል፤ ወተት ያደርቃል፤ በዋናነት የሚያዛምቱትም ተናካሽ ነፍሳት ናቸው። በኋላ በአገሪቱ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የፈረንጅ ላሞችና ዲቃሎቻቸው ከአገሩ ከብት ይልቅ በብርቱ ይጠቃሉ። የፎገራም ከብት ለዘመናት የኖረው ነፍሳት በሚበዙበት ረግረግ ነው።

ይህ ማለት ግን የአገር ከብት ሁሉን በሽታ ይችላል ማለት አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደ ፈጀ ይገመታል፤ ክፉ ቀን የተባለውም ረኃብ ተከተለ። በሽታው በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በክትባትና በቁጥጥር ብርታት ነው። ለአንዱ ቫይረስ የሚበጅ ጂን ለሌላው ላይበጅ ይችላልና፣ የዘር ሀብት ጥቅሙ በልዩ ልዩነቱ ላይ ነው።

ይህ መጠባበቂያ በፎገራ እየሳሳ ሄዷል። በ1970ዎቹ የተጀመረው የሩዝ እርሻ በተስፋፋ መጠን ግጦሹ ጠበበ፤ ዘሩም ከሌሎች ከብቶች ጋር ተደባለቀ። የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የዘሩን መንጋ ቢጠብቅም፣ አንድ መንጋ የሜዳውን ሁሉ ከብት ሊተካ አይችልም። ሩዝ ገበሬውን ጠቅሟልና ይቅር አይባልም። ይሁን እንጂ መሐንዲስ ለድልድይ ከሚጠበቀው ጭነት በላይ አቅም ሲመድብ ብክነት ነው የሚለው የለም። እንዲሁም የመስኖ ንድፍ ሲዘጋጅ የግጦሹ ስፍራና የከብቱ መተላለፊያ ከመጀመሪያው በካርታው ላይ ሊሰመሩ ይገባል። የፈረሰ ቦይ በአንድ በጋ ይጠገናል፤ የጠፋ ዘር ግን በማንም መሐንዲስ ተመልሶ አይሠራም።