የትምህርት ቤታችን ውጤት በፐርሰንት ብቻ አይለካም

(በአዋሽ አርባ በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)

እንደሚታወቀው በአጠገባችን ያለው ትንሽ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ትምህርት ቤት ውጤቱ ዝቅ ብሏል እየተባለ በየሻይ ቤቱ ብዙ ይወራል። ወሬ ብቻ ሆኖ ቢቀር ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን አንዳንድ ነዋሪዎች «በዓመቱ መካከል ከገጠር የሚመጡ ልጆች አይመዝገቡ፣ ውጤቱን የሚያበላሹት እነሱ ናቸው፣ ማኅበሩ ይህንኑ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያመልክትልን» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እኛ የኮሚቴው አባላት የምናስበውን ልንነግራችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሩ እንነጋገር። በትንሽ ትምህርት ቤት ፐርሰንት ያታልላል። ሃያ ልጆች ቢፈተኑ አንድ ልጅ ማለት ከመቶ አምስት ነው። በፈተናው ሰሞን አንዱን ወባ ቢይዘው ትምህርት ቤቱ ወረደ ይባላል። ደግሞም ለምሳሌ አንዱ ትምህርት ቤት 20 ልጆች አስፈትኖ 10 ቢያሳልፍ ከመቶ 50 ነው። ሌላው 40 አስፈትኖ 16 ቢያሳልፍ ከመቶ 40 ነው። በወረቀት የመጀመሪያው ይበልጣል፤ ወደ 9ኛ ክፍል ያለፉትን ስንቆጥር ግን ሁለተኛው በ6 ልጆች ይበልጣል። ደካማ ነው የተባለውን ልጅ ከበር መመለስ ፐርሰንቱን ከፍ ያደርጋል እንጂ አንድም ሰው አያስተምርም።

በአገር ደረጃም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.2 ነው። በ2017 ዓ.ም. ከ585 ሺህ በላይ ተፈትነው 48,929 አለፉ፤ ይህም ከመቶ 8.4 ነው። ያለፉት መብዛታቸው ደስ ያሰኛል። ሆኖም የተፈታኙ ቁጥር ወደ 260 ሺህ ቀንሷል፤ ፐርሰንቱ ብቻውን ይህንን አይነግረንም። በ2015 ዓ.ም. አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ የአርብቶ አደር ልጅ ስለመዘገቡ ነው እንዴ የወደቁት? አይደለም እኮ!

ወደ እኛው እንመለስ። አዋሽ አርባ ያለው በጅቡቲው መንገድ ላይ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የአፋር አርብቶ አደር ልጅ፣ የወታደር ልጅ፣ የሾፌር ልጅ፣ የነጋዴ ልጅ፣ ወላጆቹ ለእርሻ ሥራ ከሩቅ አገር የመጡበት ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። አንዱ በቤቱ አፋርኛ፣ ሌላው አማርኛ፣ ሌላው ወላይትኛ ይናገራል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ሲመጣ ለአንዳንዱ ሁለተኛ፣ ለአንዳንዱ ሦስተኛ ቋንቋ ይሆንበታል። ሦስተኛ የሆነበት ልጅ ዘገየ ማለት ሰነፍ ነው ማለት አይደለም።

በዓመቱ መካከል የሚመጣውስ ለምን ይመጣል? የሱጉም ዝናብ ሲቀር ግመሉና ፍየሉ ውኃና ግጦሽ ወዳለበት ይነዳሉ፤ ቤተሰቡም አብሮ ይሄዳል። የትምህርት ዘመኑ ግን መስከረም ተጀምሮ ሰኔ ያልቃል እንጂ ዝናብን አይጠብቅም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መስከረም የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ በታኅሣሥና በጥር በርትቶ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነሥቷል። እንዲህ ያለው ልጅ ደብተሩን ይዞ በር ቢያንኳኳ «ፐርሰንታችንን ታበላሻለህ» ሊባል ነው? እኛ ይህን አንፈርምም።

ከሚመጣው ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባ የሚጠፋው ልጅ ነው። 7ኛ ክፍል ገብታ 8ኛ ላይ የማትታይ ልጅ አለች። በአብሱማ ታጭታለች ይባላል፤ ወይም ውኃ የሚቀዳ ሰው የለም ይባላል። እሷ ስላልተፈተነች ከወደቁት አትቆጠርም፤ ውጤቱም አይወርድም። ኪሳራው ግን ከወደቀው ልጅ ይብሳል። የወንጀል ሕጉ ያለዕድሜ ጋብቻን እንደሚቀጣም ሁላችን ማወቅ አለብን።

ስለሆነም ቀርቦ የነበረው ሐሳብ ቀርቶ በምትኩ የሚከተሉትን እንድትቀበሉ እንጠይቃለን፦

1ኛ. በየመንፈቀ ዓመቱ ትምህርት ቤቱን ጠይቀን አምስት ቁጥር በዚህ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፤ የተመዘገቡ፣ በመካከል የመጡ፣ ያቋረጡ፣ የተፈተኑ፣ ያለፉ። ወንድና ሴት ለየብቻ ይጻፋል። የልጅ ስም አይጻፍም።

2ኛ. ቤተሰቡ ከብት ተከትሎ ሲሄድ ልጁ እስከ ፈተና ድረስ በዘመድ ወይም በጎረቤት ቤት እንዲቆይ፣ ማሳደር የሚችል ሁሉ ለጽሕፈት ቤቱ ያስታውቅ። በተለይ ለሴት ልጅ፣ እናትየው የምታምናትና የፈቀደችላት ቤት መሆን አለበት።

3ኛ. የሚሄድ ልጅ መሸኛ ሳይዝ እንዳይሄድ። መሸኛ የሌለው ልጅ በሄደበት አገር ክፍል ሲከለከል ወይም ወደ ኋላ ሲመለስ ዓመት ይባክንበታል።

4ኛ. የአፋር አባቶችና እናቶች ዳጉ ስትለዋወጡ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱና ስለ ሰላሙ ከተጠያየቃችሁ በኋላ «ልጁስ ትምህርት ቤት ነው ወይ?» የምትለዋን ጨምሩልን። መንገደኛ ዳጉ ሳይነግር አያልፍም። የጠፋን ልጅ ከእናንተ ፈጥኖ የሚያገኝ የለም።

እነዚህ ሥራዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ሰው ግን ይጠይቃሉ። ውጤቱ እንዲሻሻል እኛም አጥብቀን እንፈልጋለን። የምንፈልገው ግን ልጆቹ በርትተው እንዲያልፉ እንጂ፣ ከመዝገብ ተፍቀው ቁጥሩ እንዲያምር አይደለም። አሁን ድምፅ እንሰጣለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት