ሴቶች ያቆዩት ግንብ



በደቡብ ጀርመን፣ ከሽቫብ-ፍራንክ ደን አጠገብ፣ የቫይንስበርግን ግንብ ፍርስራሽ ኮረብታው ላይ ወጥተን አየን። ስሙ ቫይበርትሮይ፣ «የሴቶች ታማኝነት» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1140 ንጉሥ ኮንራድ 3ኛ ግንቡን ከብቦ ሲያስገብር፣ ሴቶቹ መሸከም የቻሉትን ይዘው እንዲወጡ ፈቀደ፤ እነሱም ባሎቻቸውን አዝለው ወጡ ይባላል።

እኛን ይበልጥ የነካን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1525 የገበሬዎች አመፅ የፈረሰውን ግንብ ሰው ድንጋዩን ለቤት መሥሪያ ይለቅመው ጀመር። በ1820ዎቹ በገጣሚው ዩስቲኑስ ኬርነር አነሳሽነት የሴቶች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ መዋጮ ሰበሰበ፣ የግንቡ ጠጠር በፈርጥነት የገባበት ቀለበት እየሸጠ ፍርስራሹን ጠበቀ።

ዘንድሮ መዋጯቸውን ያቋረጡ እህቶች አሉን። ባልን ማዘል የአንድ ቀን ሸክም ነበር፤ ማኅበር ግን በየወሩ የሚታዘል ነው። ተመለሱ፣ አብረን እንዘለው።