የአሮጌ ትራክተር ባትሪ አልሞላ ሲል ምክንያቱን ስለ መመርመር



በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1947 እስከ 1952 ዓመት የተሠራው ፎርድ 8 ኤን የተባለው ትራክተር የ6 ቮልት ባትሪ አለው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞ የሚባለው መሣሪያ በቺንጋ እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ባትሪውም በዚያ ይሞላል። ይህ ሲጓደል ትራክተሩ በዘር ሰዓት ቆሞ ይቀራል። ባለቤቱም ብዙ ጊዜ ባትሪው አረጀ ብሎ አዲስ ይገዛል፤ ነገር ግን አዲሱም ጥቂት ቀን ሠርቶ ይደክማል። ምንጩ ከደረቀ እንስራ መለወጥ ውኃ አያመጣምና።

ስለዚህ አዋቂ ሰው ከቀላሉ ይጀምራል። አስቀድሞ ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋው ላልቶ እንደ ሆነ ያያል። ቀጥሎ የባትሪውንና የዲናሞውን ሽቦዎች ፈትቶ ጫፋቸውን ከዝገት ያጠራል፤ መልሶም አጥብቆ ያስራል። የዲናሞው ካርቦን አልቆ እንደ ሆነም ይመለከታል። ከዚህ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ፥ ዙሩን ጨምሮ፥ የባትሪውን ቮልት ይለካል። ሞተሩ ሳይነሣ ከ6 ጥቂት የሚበልጠው ልክ ወደ 7 ከፍ ሊል ይገባዋል፤ ፈጽሞ ካልጨመረ ጉድለቱ በዲናሞው ወይም ኃይሉን በሚቆጣጠረው ሣጥን ይፈለጋል።

በዚህ ትራክተር ከብረት አካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ወገን ነው። እንደ ዛሬው መኪና መስሎት አገላብጦ ያሰረ ሰው ሌላ ጉዳት ይጨምራል። ባትሪ ሲሞላም የሚነድ ጋዝ ስለሚወጣው እሳት አይቅረበው።

እንግዲህ ተማሪዎች፥ ሳይመረምሩ መፍረድ ለዕቃም ለሰውም ጉዳት መሆኑን ከዚህ ይማሩ።