ስለ ቦርዶች መፍረስና ስለ ሥራቸው ተረካቢ



መሥሪያ ቤት ማቋቋም ደስ ያሰኛል፤ ማፍረስ ግን ማንም የሚሻው ተግባር አይደለም። ስለዚህም ስብሰባ የማይጠሩ ቦርዶችና ሪፖርት የማያቀርቡ ኮሚቴዎች በሕግ መዝገብ ላይ በስም ብቻ ይኖራሉ። እነዚህ መዘጋት እንዳለባቸው አያከራክርም። አከራካሪው፣ ሲዘጉ ሥራቸውን ማን ይረከባል የሚለው ነው።

የቡናን ታሪክ እንመልከት። ብሔራዊ የቡና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1957 ተቋቋመ። በደርግ ዘመን የቡናና ሻይ ልማት ሚኒስቴር ተተካ፤ ኋላም ባለሥልጣን ሆነ። በ1990ዎቹ ዓመታት ባለሥልጣኑ ፈርሶ ሥራው ወደ ግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር ተጠቃለለ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በደንብ ቁጥር 364 የቡናና ሻይ ልማትና ግብይት ባለሥልጣን እንደገና ተቋቋመ። የፈረሰው ተመልሶ መቋቋሙ፣ ሲፈርስ ሥራው በሚገባ አልተመዘነም ያሰኛል።

ይህ ለሚዛን ተፈሪና ለቴፒ ገበሬ የሩቅ ወሬ አይደለም። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በያኔው ከፋ ጠቅላይ ግዛት በታየ ጊዜ፣ መድኃኒቱ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መርጦ፣ ችግኝ አፍልቶ ለገበሬው ማዳረስ ነበር። ይህ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል፤ መሥሪያ ቤት ግን በአንድ ደንብ ይታጠፋል። ባለሙያው ተዛውሮ መዝገቡ ከተበተነ፣ ገበሬው አቤት የሚልበት በር ይጠፋበታል።

ሕጉስ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 691/2003 አስፈጻሚ አካላትን በደንብ የማጠፍ፣ የማዋሐድና የመከፋፈል ሥልጣን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰጥቶ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17፣ ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። እንግዲህ ማጠፉ ለአንዱ ቢቀል፣ መጠየቁ የሌላው ግዴታ ነው።

በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣችው ሕግ፣ ተቆጣጣሪ ቦርዶች የዕድሜ ገደብ ተሰጣቸው፤ ምክር ቤቱ መርምሮ ካላደሳቸው ይዘጋሉ። የእኛም ምክር ቤቶች፣ የፌዴራሉም የክልሉም፣ በየጊዜው ሦስት ጥያቄ ቢያነሡ መልካም ነው፦ ይህ ቦርድ ባለፈው ዓመት ምን ሠራ? ቢዘጋ ሥራውን በስም የሚረከበው ማን ነው? ሠራተኛውና መዝገቡስ ወዴት ይሄዳሉ?

እኛም ባለሙያዎች በየቦርዱ ወንበር አለን። ያልተሰበሰበ ቦርድ አባል ሆኖ ዝም ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። ምክር ቤቱ እስኪጠይቀን ሳንጠብቅ፣ የቆመውን ቆሟል ብለን በጽሑፍ ማሳወቅ የሙያችን ግዴታ ነው።