ማደያ ያልተሰለፉት ነዳጅ ገዢዎች

መኪና የሌለው ሰው «ነዳጅ ቢጨምር ባይጨምር እኔ ምን ቤት ነኝ?» ሲል ትሰሙታላችሁ። በርበሬውን ከጃቢ ጠህናን ገጠር በአይሱዙ አስጭኖ ፍኖተ ሰላም ገበያ የሚያወርደው ገበሬ፣ እህሏን በናፍጣ ወፍጮ የምታስፈጨው እናት፣ ማሳውን በውኃ ሞተር የሚያጠጣው ጎረምሳ፣ ሁሉም ነዳጅ ገዢዎች ናቸው። ማደያ አይሰለፉም እንጂ ይከፍላሉ።

ነዳጁ ከባሕር ማዶ መጥቶ ጅቡቲ ላይ በቦቴ ይጫናል፤ ዋጋውን የሚያስታውቀው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። በ2014 ክረምት መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር ናፍጣ በሊትር 49 ብር ከ2 ሳንቲም ነበር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ባሰበት። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ናፍጣ 99 ብር ሊሞላ 2 ሳንቲም ብቻ ቀረው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሚኒባሱ ሦስት ሊትር ይጨርሳል እንበል። በሊትር 50 ብር ሲጨመር 150 ብር ይሆናል፤ ለ12 ተሳፋሪ ቢካፈል በነፍስ ወከፍ 12 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ጎማውም መለዋወጫውም በዶላር የሚገባ ነውና ትንሽ እናክልለት። ከዚያ አልፎ ረዳቱ «ነዳጅ ጨምሯል እኮ!» እያለ የሚሰበስበው ግን የነዳጅ ሒሳብ አይደለም።

ይህም ለሕዝብ ማመላለሻ የተተወውን ድጎማ ሳንቆጥር ነው። የሕዝብ ማመላለሻዎች ተመዝግበው፣ በቴሌብር እየከፈሉ በቅናሽ እንዲቀዱ ተደርጎ ነበር። ቅናሹ የተሰጠው ለታርጋ ነው፤ ተሳፋሪው ጋ መድረሱን የሚያረጋግጠው ታሪፍ ብቻ ነው። ታሪፍ ካልተከበረ በድሃ ስም የወጣው ገንዘብ ባለመኪናው ኪስ ይቀራል።

ሹፌሩም የራሱ ብሶት አለው። ማደያው ሲደርቅ ባለባጃጁ ቤንዚን ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ይገዛል፤ እዚያ ዋጋውን የሚቆርጠው ሻጩ ነው። መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋም የቆመ መኪና ብድሩ አይቆምለትም። ይህን ጉዳት ግን ሁልጊዜ ተሳፋሪው ብቻ ይሸከም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ ለሚመለከታችሁ፦ ታሪፉን መናኸሪያው በር ላይ በትልቁ ለጥፉልን። በገበያ ቀን ለገጠር ቀበሌዎች ሰዓቱ የታወቀ አውቶቡስ መድቡ፤ ሞላ አልሞላ የሚንቀሳቀስ ይሁን። እናንተም አድማጮቼ፣ ታሪፉን ሳትጠይቁ አትሳፈሩ፤ ትኬት ሳትቀበሉም ሒሳብ አትክፈሉ።